ከጆሮ የሚነሣው የአንጎል መግል

ጆሮው የሚመግል ልጅ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ሰፈር አይጠፋም። ፈሳሹ ሲያስቸግር ጥጥ ይወተፍለታል፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ መስማትን ከመቀነስ አያልፍም። አልፎ አልፎ ግን ጀርሙ የመሃል ጆሮን ከአንጎል የሚለየውን ስስ አጥንት በልቶ ይሻገራል። ያኔ ለዓመታት የተናቀው ጆሮ የአንጎል መግል መነሻ ይሆናል።

በሽታው በአንድ ጀምበር አይፈጠርም። ጀርሙ መጀመሪያ የገባበትን የአንጎል ክፍል ያስቆጣል፤ በዚህ ጊዜ ገና የተቋጠረ መግል የለም። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ መካከሉ ይመግላል፤ ሰውነትም ዙሪያውን ጠንካራ ሽፋን ይሠራበታል። ሽፋኑ መግሉ እንዳይዛመት ቢያግድም መድኃኒት በቀላሉ እንዳይደርስበት ያደርጋል። የራስ ቅል ስለማይለጠጥ ደግሞ እያደገ የሚሄደው መግል ጤነኛውን አንጎል ይጫነዋል።

ሐኪሞች ከቦታው ተነሥተው ምንጩን ይገምታሉ። ከጆሮ የመጣ መግል አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ጎን ወይም ከኋላ በኩል ሚዛን በሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ላይ ይገኛል። ከሳይነስ የተነሣው በግንባር በኩል ያርፋል። የተበላሸ ጥርስና የራስ ቅልን የሰበረ አደጋም መነሻ ይሆናሉ። በደም ተሸክሞ የመጣ ጀርም በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ሊያመግል ይችላል። ከልብ ጉድለት ጋር ተወልደው ከንፈራቸው የሚጠቁር ሕፃናት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ከደማቸው ከፊሉ በሳንባ ሳይጣራ ወደ አንጎል ይሄዳልና።

ምልክቱ ያታልላል። ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንድ ጎን መድከም ሦስቱም አብረው የሚታዩት ከግማሽ በታች በሆኑ ሕመምተኞች ላይ ነው። ማስመለስ፣ ድብታ፣ የንግግር መወላገድ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የሚጥል ሕመምም ሊመጣ ይችላል። የሚጥል ሕመም ሲታይ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ በሽታው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። መግሉ ፈንድቶ አንጎል ውስጥ ወዳሉት የፈሳሽ ክፍሎች ከገባ የመትረፍ ዕድል እጅግ ይጠባል።

ሲቲ ስካን ከመምጣቱ በፊት ሐኪም በአብዛኛው የሚመራው በምልክት ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ማክዌን የአንድን ልጅ ምልክቶች አይቶ መግሉ በግራ ግንባሩ በኩል እንዳለ ተናገረ፤ ቤተሰቡ ግን ቀዶ ሕክምናውን አልፈቀደም። ልጁ ከሞተ በኋላ መግሉ ሐኪሙ ካለው ቦታ ተገኘ። ዛሬ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን መግሉን እንደ ቀለበት አጉልቶ ያሳያል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም የሚበረቱት ቲቢና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስም ተመሳሳይ ምስል ስለሚሰጡ የኤችአይቪ ምርመራ አብሮ ይታዘዛል። ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ግን በትልቅ መግል ላይ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ አንጎልን ወደ ታች ሊገፋው ይችላል።

መግሉ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ሕመምተኛው የተረጋጋ ከሆነ፣ በመድኃኒት ብቻ እየታከመ በተደጋጋሚ ሲቲ ስካን ሊከታተሉት ይችላሉ። ከዚያ ከበለጠ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ መግሉን በመርፌ ይቀዳል፤ የተቀዳውም ጀርሙ እንዲለይ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ይህን የሚሠሩ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ሲያሠለጥን ቆይቷል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ረጅሙ ሥራ ይጀምራል። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተለመዱ መነሻ መድኃኒቶች ናቸው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ለመጣ ቤተሰብ ይህ የሁለት ወር አስታማሚ፣ የትራንስፖርትና የቀለብ ወጪ ማለት ነው። ራስ ምታቱ ሲተው «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ ግን መግሉን መልሶ ይጋብዛል። የታመመው ጆሮ ራሱ ካልታከመም ምንጩ እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ሥራ ያለው በሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። በሕፃናት ሕክምና መመሪያ መሠረት ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ የፈሰሰ ጆሮ ሥር የሰደደ ይባላል። ሕክምናው ጆሮውን በተጠመዘዘ ንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ጊዜ ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ጠብታ ለ14 ቀን መስጠት ነው። ከጆሮ ጀርባ ካበጠ፣ ወይም ራስ ምታትና ማስመለስ ከተጨመረበት ግን ጠብታ አይበቃም፤ ያኔውኑ ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።