ጌሻ እና ጌይሻ

በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ስሙን ከጃፓን ያገኘ የሚመስላቸው የውጭ አገር ጠጪዎች አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ከረጢቱ ላይ የሚያነቡት «ጌይሻ» ነው። በጃፓንኛ «ጌይ» ጥበብ፣ «ሻ» ሰው ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ በዘፈን፣ በውዝዋዜና በጨዋታ እንግዳ የምታጫውተው የሠለጠነች ባለሙያ መጠሪያ ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹ ጌይሾች ግን ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሙያውን የያዙት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

የቡናው ስም የመጣው ከኛው ደቡብ ምዕራብ ነው። ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ፣ በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት ጎሪ ጌሻ የሚባል ጫካ አለ። ካፋ ዞን ውስጥም ጌሻ የሚባል ወረዳ ስላለ፣ «ጌሻ ሄድኩ» ያለ ሰው የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። ለጠላና ለጠጅ የምንጨምረው ጌሾ ግን ሌላ ቁጥቋጦ ነው፤ ከቡና ጋር በዘር አይገናኝም።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ከዚያ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። እንግሊዞቹ ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፉት አንዲት «ኢ» ጨመሩበት፤ በዚሁ ምክንያት ጌሻ ከጃፓኗ ባለሙያ ጋር በጽሑፍ አንድ ሆነ። ዘሩ በታንጋኒካ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ወደሚገኘው የካቲዬ የምርምር ማዕከል ገባ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። የተፈለገው የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ብዙም አልወደዱት፤ ምርቱ አነስተኛ፣ ቅርንጫፉም ተሰባሪ ነው።

በ2004 በፓናማዋ ቦኬቴ ቡና የሚያመርተው የፒተርሰን ቤተሰብ የደጋውን ጌይሻ ለብቻው ለቅሞ ለውድድር አቀረበ። ዳኞቹ የጃስሚን አበባና የቤርጋሞት ሽታ አገኙበት፤ ቡናው አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ወጣለት። ያኔ ተሰምቶ የማያውቅ ዋጋ ነበር።

ዛሬ አንዳንድ አምራቾች «ኢ»ዋን ጥለው ጌሻ ብለው ይጽፋሉ፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ቡናዎች አንድ ዝርያ አይደሉም። ዝነኛው የፓናማው በካቲዬ መዝገብ «ቲ2722» ተብሎ ተመዝግቧል። ከኢትዮጵያ ጫካ የሚለቀመው ጌሻ ደግሞ እርስ በርሱም የተለያየ ነው።