የክሮን በሽታና የሕመምተኛው ማዕድ

ሆዱን የታመመ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «ምን በልቼ ይሆን?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን መልሱ ሳይመረመር በግምት ሲሰጥ ሕመምተኛው ዛሬ በርበሬን፥ ነገ ወተትን፥ ከነገ ወዲያ ሽሮን እየተወ በመጨረሻ የሚበላው ያጣና ከበሽታው ይልቅ ረኃቡ ይጐዳዋል። በዚህ ወር የምንገልጸው ክሮን ስለሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። አሳባችንም ይህ ሕመም ያለበት ወገናችን የሚጐዳውን ምግብ በፍርሀትና በወሬ ሳይሆን በመዝገብና በትዕግሥት ለይቶ እንዲያውቅ መርዳት ነው።

በሽታው ምን እንደ ሆነ

በሽታው ስሙን ያገኘው ቡሪል ክሮን ከተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፔንሃይመር በኒው ዮርክ ከተማ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሲሠሩ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. የሕመሙን ጠባይ ጽፈው ለሐኪሞች አስታወቁ። ከእነርሱም አስቀድሞ ዳልዚል የተባሉ የስኮትላንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1913 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ሕመም ገልጸው ነበር። በሽታው ቀድሞ የኤውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን በእስያም በአፍሪቃም እንዳለ ታውቋል።

ሰውነታችን ከውጭ የሚገቡትን ተሐዋስያን የሚከላከልበት ኀይል አለው። በክሮን በሽታ ይህ ኀይል ሥራውን ስቶ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ አንጀቱም ይቈጣል፥ ያብጣል፥ ይቈስላል። በሽታው ከአፍ ጀምሮ እስከ ፊንጢጣ ድረስ በማንኛውም ክፍል ሊወጣ ይችላል፤ ይልቁንም የሚበዛው በቀጭኑ አንጀት መጨረሻና በወፍራሙ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ቍስሉ አንዱን ቦታ ይዞ ቀጥሎ ያለውን ጤነኛ ትቶ እንደገና ሌላውን ይይዛል፤ ወደ አንጀቱም ግድግዳ ጠልቆ ይገባል።

ምልክቶቹ ለብዙ ሳምንታት የሚቈይ ተቅማጥ፥ የሆድ ቍርጠት፥ የክብደት መቀነስ፥ ድካም፥ አንዳንድ ጊዜም ትኵሳትና ደም የተቀላቀለበት ዐይነ ምድር ናቸው። በሕፃናት ላይ ዕድገትን ይገታል። ሕመሙ ለወራት ይበርዳል፥ ተመልሶም ይነሣል። የተወለደበት ዘር፥ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያንና አኗኗር በአንድነት እንደሚያመጡት ይታመናል፤ ትንባሆ ማጨስም ሕመሙን ያብሰዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ከማዕድ መለየት አይገባም።

ከምግቡ በፊት ምርመራው

በአገራችን ረጅም ተቅማጥና የሆድ ቍርጠት የሚያመጡ ብዙ ምክንያቶች አሉ። አሜባና ጃርዲያ አሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ክሮንን እጅግ ይመስላል። የሁለቱ ሕክምና ግን ተቃራኒ ነው፤ ለክሮን የሚሰጡት የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኀኒቶች ነቀርሳ ላለበት ሰው ቢሰጡ ነቀርሳውን ያስፋፉታል። እንግዲህ «እገሌ እንዲህ ብሎኝ» እያሉ መድኀኒት ከመዋጥ፥ ወይም አንጀቱ በቈሰለ ሰው ላይ ኮሶ ጠጥቶ ከማስቀመጥ በፊት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሐኪሙ ዐይነ ምድርንና ደምን ይመረምራል፤ ሲያስፈልግም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የአንጀቱን ውስጥ ይመለከታል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ተብሏልና ማንም ስለ ዐይነ ምድሩ ለመናገር አይፈር።

ምግብ የሚያደርገውና የማያደርገው

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ምግብ በበሽታው ላይ አንዳች ሥራ የለውም ማለት ነው። ይህ እውነት አይደለም፤ ሕመሙ ያለባቸው ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላው ምግብ ሁሉ ቀርቶ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ብቻ ሲሰጣቸው በብዙዎቹ ላይ የአንጀቱ መቈጣት እንደሚበርድ ታውቋል። ይህም በሐኪምና በምግብ ባለሙያ ቍጥጥር ብቻ የሚደረግ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ አንድ ክፉ ምግብ በሽታውን አምጥቷልና እርሱን ብተው እድናለሁ ማለት ነው። ሆድን የሚነፋ ምግብ ሁሉ ቍስሉን ያባብሳል ማለት አይደለም፤ ሆድ ጸጥ ሲልም ቍስሉ ድኗል ማለት አይደለም። ሕመሙ ሳይሰማ አንጀቱ በውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የሚስማማውን ምግብ ያገኘ ሰው መድኀኒቱን በገዛ ፈቃዱ ቢያቋርጥ ራሱን ያታልላል። የምግብ ጥንቃቄ የመድኀኒቱ ረዳት ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

የሚጐዳውን ምግብ ለይቶ ስለ ማወቅ

ለሕመምተኛ ሁሉ የሚሆን አንድ የክልክል ዝርዝር የለም። አንዱን የሚጐዳው ሌላውን ይስማማዋል፤ ለዚያው ለአንዱ ሰው እንኳ ሕመሙ ሲነሣ የጐዳው ምግብ ሲበርድ ሊስማማው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ራሱን መመርመር ይኖርበታል። መንገዱም ይህ ነው።

1ኛ፤ አንድ ደብተር ይያዝ። ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ምንም ሳይለውጥ የበላውንና የጠጣውን፥ ሰዓቱን፥ መጠኑን፥ የተሠራበትንም ሁኔታ ይጻፍ። በአጠገቡም ቍርጠቱን፥ የሆድ መነፋቱን፥ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ፥ እንቅልፉን፥ ጭንቀቱንና የወሰደውን መድኀኒት ያስፍር። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በቤቱ ያለ ተማሪ ይጻፍለት።

2ኛ፤ ደብተሩን ከሐኪሙ ጋር ይመልከት። ሕመም የሚመጣው ሁልጊዜ በመጨረሻ ከተበላው ምግብ አይደለም፤ ከብዙ ሰዓት በፊት ወይም በዋዜማው ከተበላው ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ምስክር አይሆንም፤ ደጋግሞ የታየ ግን ይጠረጠራል።

3ኛ፤ ከተጠረጠሩት አንዱን ብቻ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ይተው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢተው የትኛው እንደ ጐዳው ሊያውቅ አይችልም።

4ኛ፤ ለውጥ ካላየ ምግቡን ወደ ማዕዱ ይመልስ። ለውጥ ካየም ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ለ3 ቀን መልሶ ይፈትን፤ ሕመሙ አብሮ ከተመለሰ ያን ጊዜ ጠላቱን ዐወቀ ማለት ነው። ይህ መልሶ መፈተን ብዙዎች የሚተዉት ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ግን ንጹሑ ምግብ ከበደለኛው ጋር ዕድሜ ልክ ይኰነናል።

በአገራችን ማዕድ ይህ ሥራ አንድ ችግር አለበት፤ ወጣችን በአንድ ድስት ውስጥ ብዙ ነገር ያዋሕዳልና። ሰውየው ሽሮ በልቶ ሆዱ ቢነፋ «ሽሮ አይስማማኝም» ይላል። በሽሮው ውስጥ ግን የሽምብራ ወይም የአተር ዱቄት፥ ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ በርበሬ፥ ዘይት ወይም ቅቤ አለ። እንግዲህ ወጥ ሠሪዋ ብትረዳው፥ በመጀመሪያ ሽሮውን ያለ በርበሬ አልጫ አድርጋ ትሥራለት። ሕመሙ ካልቀረ ሽንኩርቱን ቀንሳ ታቅርብለት። አሁንም ካልቀረ የሽሮውን ዱቄት ትታ በዚያው ቍሌት ድንች ወይም ካሮት ትሥራለት። እያንዳንዱን ለጥቂት ቀናት በመሞከር ነገሩ ይገለጣል። ጾምና ፍስክ ሲለዋወጡም ማዕዱ በአንድ ቀን ከጥራጥሬና ከዘይት ወደ ሥጋ፥ ወተትና ቅቤ ይዞራልና፥ በእነዚያ ሳምንታት የተጻፈው ደብተር ብዙ ያስተምራል።

ብዙ ጊዜ የሚጠረጠሩ ምግቦች

ወተት፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ለመፍጨት ብዙ ዐዋቂዎች ኀይል ያጥራቸዋል፤ አንጀት ሲቈጣም ይህ ይብሳል። እርጎ ግን ለብዙዎች ይቀላል።

ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራ፥ ምስርና ጥቅል ጐመን፤ እነዚህ በወፍራሙ አንጀት ተብላልተው ነፋስ ይፈጥራሉ። ጥራጥሬን አሰንብቶ መዘፍዘፍና ውሃውን ደፍቶ በሚገባ ማብሰል ችግሩን ያቀልላል።

ቅባት የበዛበት ምግብ፤ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ሲታመም ሐሞት በሚገባ አይመለስም፤ ስለዚህ ቅቤና ጮማ ሲበዙ ተቅማጡ ይብሳል።

በርበሬና ሚጥሚጣ፥ ቡና፥ ጠላ፥ ጠጅና አረቄ፤ እነዚህ ሆድን ያቃጥላሉ ወይም ያፋጥናሉ። እያንዳንዱ በመጠኑ ይፈትናቸው።

ቈሎ፥ የበቈሎ እሸት፥ ጥሬ ጐመንና የፍሬ ልጣጭ፤ በቍስል ጠባሳ አንጀቱ የጠበበበት ሰው እነዚህን ቢበላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ለእርሱ አትክልት ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ፥ በሚገባ በስሎና ልሞ ይቅረብለት። ጥበት የሌለበት ሰው ግን ሕመሙ ሲበርድ አትክልትንና ጥራጥሬን ያለ ምክንያት አይተው።

ጥሬ ሥጋ፤ ይህ የምርጫ ነገር አይደለም። የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኀኒት የሚወስድ ሰው ከጥሬ ሥጋና ካልፈላ ወተት ፈጽሞ ይራቅ።

እንጀራን በተመለከተ፥ የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነሽፋኑ ይፈጫል፤ ስለዚህ አንጀቱ የጠበበ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት። ሌላው ሕመምተኛ ግን ሳይፈትን እንጀራን ከማዕዱ አያርቅ።

ሰውነትን አለማስራብ

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ፍርሀት የሚያመጣው ረኃብ ነው። የታመመ አንጀት ከበላው ምግብ ኀይሉን በሚገባ አይስብም፤ ደም ማነስም ይከተላል። የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ የሚስበው ቫይታሚን ቢ 12 ነውና ያ ክፍል የታመመበት ወይም በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰው በየጊዜው ይመርመር፤ ምናልባትም በመርፌ ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ምግብ ሲቀር በምትኩ ሌላ ይግባ። ወተት የቀረበት በእንቍላል፥ በዓሣ፥ ለስላሳ በሆነ የበሰለ ሥጋ ይካስ። ሕመሙ በተነሣበት ቀን ሩዝ፥ ድንች፥ ሙዝ፥ የዶሮ መረቅ፥ በደቃቁ የተነፋ የገብስ ዱቄት አጥሚት በትንሽ በትንሹ፥ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ቢወሰድ ይሻላል።

ተቅማጡ ሲበዛ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ማንኪያው ሳይቈለል ልክ ሆኖ፥ በጥብጦ መጠጣት የጠፋውን ፈሳሽ ይመልሳል። በየወሩ ክብደቱን ይለካና በደብተሩ ይጻፈው፤ ክብደቱ የሚወርድ ከሆነ የምግብ ምርጫው ተሳስቷል ወይም በሽታው በርትቷል ማለት ነውና ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንጨምራለን። ሕመሙ የተነሣበት ክርስቲያን የንስሐ አባቱን ያማክር፤ እስላም ወገናችንም በረመዳን ወራት የሃይማኖት መምህሩን ይጠይቅ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ርኅራኄ አላቸው። መድኀኒትን በጾም ምክንያት ማቋረጥ ግን አይገባም። ለራስ ምታትና ለቍርጥማት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለውን ክኒን ከመግዛትም ይጠንቀቅ፤ አንጀቱን ሊያስቈጣ ይችላልና።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል

ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ ሲመጣ፥ ዐይነ ምድርና ፈስ ሲቋረጥ፥ ብዙ ደም ሲወርድ፥ ከፍ ያለ ትኵሳት ከብርቱ የሆድ ሕመም ጋር ሲነሣ፥ ወይም በፊንጢጣ አጠገብ መግል የያዘ እብጠት ሲወጣ፥ ደብተር መጻፊያ ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለቤተ ሰቦች የምናሳስበው ይህ ነው። ለሕመምተኛው ለብቻው የሚሠራው ድስት ቅምጥልነት አይደለም። «ትንሽ ቅመስ፥ ምንም አይልህ» እያሉ ማጕረስ ፍቅር ቢሆንም የ3 ሳምንት ድካሙን በአንድ ጉርሻ ያፈርስበታል። ይልቁንስ ደብተሩን አብራችሁ ጻፉለት፥ የሚስማማውን አብራችሁ ብሉለት። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በትዕግሥት የተጻፈ ደብተር ለሕመምተኛው የሚበላውን የሚያውቅበት፥ ማዕዱንም ሳይፈራ የሚቀርብበት መንገድ ይሆንለታል።