ሳያም የሚጎዳ

በሕክምና መጻሕፍት «ኢንዶለንት» የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ምንጩ ላቲን ነው፤ «ኢን» አሉታ፣ «ዶለሬ» ደግሞ መታመም ነው። ሲገጣጠም «የማያም» ማለት ይሆናል። በተራ ንግግር ግን ዛሬ «ሰነፍ» ማለት ሆኗል።

የማያም ነገር ያዘናጋል። የሥጋ ደዌ ሲጀምር ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያወጣል። ስለማያም ይናቃል። ነርቭ ሲጎዳ ግን እሳት ሲያቃጥል፣ እሾህ ሲወጋ አይታወቅም፤ እጅና እግር የሚበላሸው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል ለዚሁ ሕመም የተቋቋመ ነው።

የቢዮ አዋሌ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ስታጥቡ ቆዳቸውን እዩ። ምልክት ካገኛችሁ በጥጥ ነክታችሁ «ተሰማህ?» በሉ። ካልተሰማው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።