የውድድር ሜዳው ሐኪም ጡረታ፦ ከፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ የሥራ ዘመን የምንማረው

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ዋና ሐኪም የነበሩት እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ኃላፊነት በጡረታ መሰናበታቸው ይፋ ሆነ። ከ26 ዓመታት በላይ በዘለቀው አገልግሎታቸው ስማቸው ከዋንጫ ተሸላሚዎች ተርታ ተጠርቶ አያውቅም። ሆኖም ሾፌሮቹም ሆኑ የቡድን ኃላፊዎቹ የእርሳቸውን ያህል የሚያከብሩት ሰው ጥቂት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ በሕይወት ወደ ቤታቸው የተመለሱት እርሳቸው በዘረጉት አሠራር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሐኪም የሥራ ዘመን በአጭሩ የምንመለከተው ለስፖርት ወዳዶች ብቻ አስበን አይደለም። በውድድር ሜዳ ላይ የተገነባው የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓት፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሕይወትን የሚያተርፈው ምን እንደሆነ ማንኛውም ዜጋ በቀላሉ ሊረዳው በሚችል መልኩ ስለሚያሳይ ነው።

ሐኪሙ ማን ነበሩ?

ሲድ ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1928 በሊቨርፑል ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው ተመረቁ። በብሪታንያ ጦር የሕክምና ክፍል አባልነት በምዕራብ አፍሪካ ካገለገሉ በኋላ በኦክስፎርድ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሙያን ቀሰሙ። በ1962 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ሲራኪዩዝ ከተማ የዚሁ ሙያ ፕሮፌሰር ሆኑ። በትርፍ ጊዜያቸው ዋትኪንስ ግሌን በተባለው የውድድር ሜዳ በሐኪምነት ያገለግሉ ነበር፤ የሜዳው ስምና የእርሳቸው ስም መመሳሰል የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። በ1970 ወደ አገራቸው ተመልሰው በለንደን ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍልን መምራት ጀመሩ።

በ1978 በወቅቱ የፎርሙላ ዋን ቡድኖችን ማኅበር ይመሩ የነበሩት በርኒ ኤክልስተን የውድድሩ ሐኪም እንዲሆኑ ጠየቋቸው። ዋትኪንስ ጥያቄውን ሲቀበሉ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። የሕክምና ዝግጅቱ ከሜዳ ሜዳ እጅግ የተለያየ ነበር፤ በአንዳንዱ ሜዳ በቂ ባለሙያና መሣሪያ ሲኖር፣ በሌላው ግን ለስሙ ያህል ብቻ የተዘጋጀ ነበር። አንዳንድ የሜዳ ኃላፊዎችም ከውጭ የመጣን ሐኪም እንደ ተቆጣጣሪ በማየት በመልካም ፊት አልተቀበሏቸውም።

የሞንዛው አደጋና የተለወጠው አሠራር

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1978 በጣሊያን ሞንዛ ውድድሩ እንደተጀመረ በርካታ መኪናዎች እርስ በርስ ተጋጩ። ስዊድናዊው ሮኒ ፒተርሰን በእሳት ከተያያዘው መኪናው ውስጥ በሌሎች ሾፌሮች እርዳታ ወጣ፤ ሁለቱም እግሮቹ ክፉኛ ተሰብረው ነበር። ዋትኪንስ ወደ ስፍራው ቢሮጡም ፖሊሶች አካባቢውን በሰው አጥር ስለዘጉት በቶሎ መድረስ አልቻሉም። አምቡላንስም እስኪመጣ ድረስ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። ፒተርሰን ሆስፒታል ደርሶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም፣ ከተሰበረው አጥንት የወጣ ስብ የደም ሥሮቹን በመዝጋቱ በማግሥቱ ሕይወቱ አለፈ።

ዋትኪንስ ከዚህ አደጋ በኋላ ያቀረቡት ጥያቄ ልመና አልነበረም፤ ቅድመ ሁኔታ ነበር። በማናቸውም ውድድር ላይ የሚከተሉት እንዲሟሉ ጠየቁ፦

1. በድንገተኛ ሕክምና የተካነ የሰመመን ሐኪም፤
2. ሐኪሙን አደጋው ወደደረሰበት ቦታ ወዲያውኑ የሚያደርስ ፈጣን የሕክምና መኪና፤
3. ተጎጂን ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ሄሊኮፕተር።

መኪናዎች ተጨናንቀው የሚሽቀዳደሙበት የመጀመሪያው ዙር ለግጭት ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ፣ የሕክምና መኪናው ተወዳዳሪዎቹን ከኋላ ተከትሎ እንዲሄድ ተደረገ። ይህም ማለት ሐኪሙ ጥሪ እስኪደርሰው የሚጠብቅ መሆኑ ቀርቶ፣ አደጋው ሲደርስ ቀድሞውኑ በስፍራው የሚገኝ ሆነ ማለት ነው። በ1981 ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሕክምና ኮሚሽን ሲያቋቁም ዋትኪንስ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የአንድ ሰው ጥያቄ የነበረውም ሁሉም ሜዳ የሚገዛበት ደንብ እየሆነ ሄደ።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። በ1989 በኢሞላ የጌርሃርድ በርገር መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሰከንዶች ውስጥ ደርሰው አጠፉት። በ1990 በስፔን ሄሬዝ ማርቲን ዶኔሊ መኪናው ተበታትኖ ሜዳው ላይ ሲወድቅ፣ ዋትኪንስ በስፍራው በሰጡት ሕክምና ሕይወቱ ተረፈ። በ1995 በአውስትራሊያ አደሌድ ሚካ ሃኪነን መተንፈስ ባቃተው ጊዜ፣ ሐኪሞች ሜዳው ዳር ላይ ጉሮሮውን በስተው አየር እንዲያገኝ አደረጉ። ሃኪነን በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ከማከም ወደ መከላከል

የሐኪሙ ሥራ ግን በድል ብቻ የተሞላ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1994 በኢሞላ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር በማጣሪያ ውድድር ላይ ሞተ። ዋትኪንስ የቅርብ ወዳጃቸው የነበረውን ብራዚላዊውን አየርተን ሴናን መኪና መንዳቱን እንዲተው መክረውት ነበር። በማግሥቱ በሜይ 1 ሴና በዚያው ሜዳ ከግንብ ጋር ተጋጨ፤ በስፍራው ካከሙት መካከልም ዋትኪንስ ራሳቸው ነበሩ። የጭንቅላቱ ጉዳት ግን ከሕክምና አቅም በላይ ነበር።

ይህ አደጋ አንድ መሠረታዊ እውነት አጉልቶ አሳየ፤ ሐኪም የቱንም ያህል በፍጥነት ቢደርስ ሊያድነው የማይችል ጉዳት አለ። ስለዚህም «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ትኩረቱ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ወደ መከላከል ዞረ። ፌዴሬሽኑ በዋትኪንስ ሰብሳቢነት የባለሙያዎች አማካሪ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ የመኪናዎችን፣ የሜዳዎችንና የሾፌሮችን ደኅንነት በጥናት እየመረመረ ማሻሻያ ያቀርብ ጀመር። ከ1996 ጀምሮ የሾፌሩ መቀመጫ ግራና ቀኝ ከፍ እንዲልና ራስን በሚደግፍ ለስላሳ ነገር እንዲሸፈን ተደረገ። የግጭት ፈተናዎች ጠበቁ። በ2003 ደግሞ በአሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምህንድስና ተመራማሪ ሮበርት ሃባርድ የተፈጠረው የራስና የአንገት መደገፊያ አስገዳጅ ሆነ። መሣሪያው በትከሻ ላይ የሚያርፍ ሆኖ በማሰሪያ ከሄልሜቱ ጋር ይያያዛል፤ በግጭት ጊዜ ሰውነት በቀበቶ ሲያዝ ራስ ወደ ፊት እንዳይወረወርና አንገትን እንዳይሰብር ይከላከላል።

ከሴና ሞት በኋላ ዋትኪንስ እስከተሰናበቱበት ጊዜ ድረስ አንድም ሾፌር በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ አልሞተም። በ2000 በሞንዛ፣ በ2001 ደግሞ በሜልቦርን ከመኪና ተፈናጥሮ በወጣ ጎማ ሁለት የሜዳ ሠራተኞች መሞታቸው ግን ደኅንነት ተጠናቆ የሚዘጋ ሥራ አለመሆኑን አስታውሷል።

ጡረታውና የተረከበው ሥርዓት

ዋትኪንስ ሲሰናበቱ ቦታቸውን የተረኩት ለዓመታት አብረዋቸው የሠሩት የሰመመንና የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሙ ጋሪ ሃርትስታይን ናቸው። በቀጣዩ የውድድር ዘመንም የሕክምና መኪናው እንደቀድሞው ተወዳዳሪዎቹን ተከትሎ ወጣ፤ ሄሊኮፕተሩም በቦታው ቆመ። የአንድ ባለሙያ ትልቁ ስኬት የሚለካው እዚህ ላይ ነው። እርሱ በሌለበት የሚቆም አገልግሎት የግለሰብ ችሮታ ነው፤ እርሱ ከሄደም በኋላ የሚቀጥል አገልግሎት ግን ተቋም ነው። ዋትኪንስም ከሜዳው ቢርቁም ከዓላማቸው አልራቁም፤ በ2004 የተቋቋመውን የፌዴሬሽኑን የሞተር ስፖርት ደኅንነት ተቋም እስከ 2011 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2012 በ84 ዓመታቸው በለንደን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ለአገልግሎት ፈላጊዎች፦ በመንገድ አደጋ ወቅት ምን ማድረግ ይገባል?

በየመንገዱ ከእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ኋላ የሚከተል ሐኪም የለም። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ በስፍራው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ነው። ስለሆነም ከሞንዛው አደጋ የሚቀሰመው ትምህርት ለእያንዳንዳችን ይሠራል።

1. ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 ይደውሉ። ትክክለኛውን ቦታ፣ የተጎጂዎችን ብዛትና ሁኔታ ይግለጹ።
2. ተጎጂውን ከብበው አይቁሙ። መንገድ በማስለቀቅ ለባለሙያዎች መተላለፊያ ያዘጋጁ።
3. እሳት ወይም ሌላ አፋጣኝ አደጋ ከሌለ በስተቀር ተጎጂውን ጎትተው አያንሡ፤ የአንገት ወይም የጀርባ አጥንት ጉዳት ሊባባስ ይችላል።
4. ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ተጎጂው መተንፈሱንም ይከታተሉ።
5. የሕክምና ወጪን በመፍራት እርዳታ አያዘግዩ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።

ከሁሉም በላይ ግን መከላከል ይቀድማል። ቀበቶ ማሰር፣ በሞተር ብስክሌት ሲጓዙ ሄልሜት ማጥለቅና ፍጥነትን መቀነስ እያንዳንዱ አሽከርካሪ በእጁ ያለ ጥበቃ ነው። አንድ ሐኪም የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ የደከሙት ለመሽቀዳደም ብለው ሞትን በሚደፍሩ ሰዎች ሕይወት ላይ ነው። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ እግረኛና ተሳፋሪ ሕይወት ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።