ውድ ሄድፎን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እዚህ ጀሞ ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ልጆች «ዶክተር፣ ውድ ሄድፎን ጆሮ አይጎዳም አይደል?» ይሉኛል። ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ መጠንና የምንሰማበት ሰዓት ነው፤ ዋጋው አያድነንም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ በ90 ግን 4 ሰዓት ብቻ! በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፅ ሳትጨምሩ ይሰማችኋል። ስትቀዱም ሙዚቃው ወደ ማይክ አያመልጥም።

ስትመርጡ፦

1. ትራሱ ጆሯችሁን ዙሪያውን ይግጠም። ክፍተት ካለው ቤዙ ይጠፋል፤ እናንተም ድምፅ ትጨምራላችሁ።

2. ኦሙን እዩ። ሶኒ ኤምዲአር 7506 63 ኦም ስለሆነ በስልክም ይሠራል። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦሙ ግን ማጉያ ይፈልጋል።

3. ረጅም ሰዓት ስለምታደርጉት ክብደቱንና ምቾቱን ሞክሩ።

ካዳመጣችሁ በኋላ ጆሯችሁ ከጮኸ ወይም ከታፈነ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ካልተሻላችሁ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ አውልቁት፤ የመኪና ጡሩምባም አያሰማም እኮ!

ሙዚቃ ለሚወድ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።