ጨው የቆለፈው ብሎን

እ.ኤ.አ. በ1763 «አላርም» የተባለች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ከካሪቢያን ተመልሳ ለምርመራ ቀረበች። የእንጨት ሆዷን የባሕር ትል እንዳይበሳው ከሁለት ዓመት በፊት በስስ የመዳብ ንጣፍ ሸፍነዋት ነበር። መዳቡ ትሉን በሚገባ ተከላክሏል። ንጣፉን ከእንጨቱ ጋር ያያዙት የብረት ምስማሮች ግን ብዙዎቹ ተበልተው አልቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ንጣፉ በየቦታው ተገንጥሏል። የሚገርመው አንዳንዶቹ ምስማሮች ደህና መሆናቸው ነው። መርማሪዎቹ ቀረብ ብለው ሲያዩ መዳቡ ተጠቅልሎ የመጣበት ቡናማ ወረቀት ሳይነሳ አብሮ ተመትቶ ኖሯል፤ ወረቀቱ በምስማሩና በመዳቡ መካከል በቀረበት ቦታ ሁሉ ብረቱ ተርፏል።

በዚያ ዘመን ምክንያቱን የሚያስረዳ ሳይንስ ገና አልተወለደም። አሌሳንድሮ ቮልታ ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት በጨው ውሃ ከራሰ ካርቶን ጋር እያፈራረቀ ደርድሮ የሠራውን ባትሪ ለዓለም ያስታወቀው በ1800 ነው። «አላርም» ግን ከእሱ በፊት መዳብ፣ ብረትና የባሕር ውሃ አሟልታ ስትጓዝ ነበር። ባትሪው ራሷ ነበረች።

ዛሬም የባለሸራ ጀልባ ባለቤቶች የሚታገሉት ከዚሁ ኬሚስትሪ ጋር ነው። በእነዚህ ጀልባዎች የላይኛው ወለል ላይ፣ ከሥር ላሉት ክፍሎች ብርሃንና አየር የሚያስገቡ ባለክዳን መክፈቻዎች አሉ። ፍሬማቸው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ክዳናቸው በተለምዶ ፕሌክሲግላስ የሚባለው አክሪሊክ ነው፤ ብሎኖቻቸው ደግሞ የማይዝግ ብረት። አክሪሊኩ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው በደቃቅ ስንጥቆች ተሞልቶ ይደበዝዛል፤ ዙሪያው ያለው ማስቲሽም ደርቆ ዝናብ ማሳለፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ክዳኑ መለወጥ አለበት። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ካቻቪቴው ብሎኑ ላይ ሲያርፍ ግን ብሎኑ ንቅንቅ አይልም።

ብሎኑ ራሱ አልዘገም። በውስጡ ያለው ክሮሚየም በላዩ የሚሠራው ለዓይን የማይታይ ሽፋን ይጠብቀዋል። ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው፤ በባሕር ውሃ ውስጥ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ስለሚኖር አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮኖቹን እየሰጠ ይበላል። ከዚህ የሚገኘው ነጭ ዱቄት፣ በዋናነት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከተበላው አሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። በብሎኑና በቀዳዳው ጥርሶች መካከል ደግሞ ይህን ያህል ቦታ የለም። ዱቄቱ መሄጃ ሲያጣ እየተጠቀጠቀ ይጠጥርና ብሎኑን ዙሪያውን ጨምድዶ ይይዘዋል።

ፍሬሙ ለምን ጨርሶ አያልቅም? መልሱ ያለው በስፋት ላይ ነው። «አላርም» ላይ ትልቁ መዳብ ትንንሾቹን ምስማሮች ስለበላ ጥፋቱ ፈጣን ሆነ። በመክፈቻው ላይ ግን የሚበላው ትልቁ ፍሬም ነው፤ የሚያስበላው ደግሞ ትንሹ ብሎን። ስለዚህ ፍሬሙ ዓመታት ይቆያል፤ ጉዳቱም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይከማቻል።

ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 የመርከቦችን መዳብ ለማዳን ዚንክ ወይም ብረት አብሮ ማሰር እንደሚቻል አሳይቷል፤ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ስለሆነ መዳቡ ይተርፋል። ዛሬም ጀልባዎች ከውሃ በታች ባለው አካላቸው የዚንክ ቁራጭ ይታሰርላቸዋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ዚንኩና የሚጠበቀው አካል በአንድ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ላይ ወለሉ ላይ ላለ መክፈቻ አይደርስለትም።

እንግዲህ ብሎኑን የያዘው የደረቀ ዱቄት ከሆነ፣ ጉልበት ብቻ የትም አያደርስም። ይልቁንም አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱን ያበላሻል። በተለይ ሄንሪ ፊሊፕስ በ1936 ያስመዘገበው ባለመስቀል ጭንቅላት ኃይል ሲበዛበት ካቻቪቴውን ወደ ላይ ገፍቶ ያስወጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ መስቀሉ ተፍቆ መያዣ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መስቀሉን ከቀለምና ከጨው ማጽዳት፣ በልኩ የሆነ ካቻቪቴ መምረጥ፣ ከዚያም ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቦ ማሳደር ይገባል። ዘይቱ በጠባቡ ክፍተት በራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

በማግስቱ በማርቴሎ ሲመታ ወደ ታች እየገፋ የሚያዞር ካቻቪቴ ይመጣል። ግፊቱ መስቀሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ንዝረቱ የጠጠረውን ዱቄት ይሰነጥቃል። በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ማዞርም ይረዳል። እምቢ ካለ የብየዳ ካውያ ጫፍ ጭንቅላቱ ላይ ይደረጋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከማይዝግ ብረት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ከብሎኑ ይልቅ ይሰፋል። በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ የ100 ዲግሪ ሙቀት የሚፈጥረው ልዩነት ከሚሊ ሜትር ሺህ እጅ አራቱ እጅ ያህል ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ተሰባሪውን ዱቄት ለመሰንጠቅ ግን ይበቃል። ዘይት በተቀባበት ቦታ የእሳት ነበልባል መጠቀም ግን አደጋ ነው፤ አክሪሊኩም በ100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ሁሉም ካልሆነ ጭንቅላቱ በትራፓኖ ተሰርስሮ ይነሳል። ክዳኑ ሲነሳ የሚቀረው የብሎኑ ግንድ ውጥረቱ ስለለቀቀ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይዞራል።

አዲሱ ክዳን ሲገባ ሌላ ፊዚክስ ይጠብቃል። አክሪሊክ በሙቀት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ክዳን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከፍሬሙ ጋር ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይለያያል። ስለዚህ በዙሪያው ክፍተት ይተዋል፤ ማስቲሹም የሚለጠጥ ሲሊኮን ይሁን እንጂ ደርቆ የሚቀር አይሁን። ክዳኑን በአሴቶን ወይም በአልኮል ማጽዳት ደግሞ በውጥረት ላይ ያለውን አክሪሊክ ይሰነጥቀዋል። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ብሎኖቹ ከመግባታቸው በፊት ጥርሳቸው እንደ ቴፍጄል፣ ዱራላክ ወይም ላኖሊን ያለ መለያያ ቅባት መቀባት አለበት፤ የ«አላርም»ን ወረቀት ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ይህ ለጀልባ ብቻ አይደለም። በጅቡቲ፣ በጅዳ ወይም በዱባይ ባሕር አቅራቢያ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ የቤታችሁን የአሉሚኒየም መስኮት ስታስጠግኑ ባለሙያው አዲሱን ብሎን ከማሰሩ በፊት ቅባት እንዲቀባው ጠይቁት።