የአርሲ ደጋ ለግላይደር አብራሪ የሚደብቀው ፍጥነት

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ገና ከመሬት እንደተላቀቀ ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲዞር ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ፤ አብራሪዎቹም ከማረፊያው ውጪ ሜዳ ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ሞተሩ የቆመ አውሮፕላን ሁሉ ግላይደር ነው። ልዩነቱ፣ ለእውነተኛው ግላይደር በሰው ማሳ ላይ ማረፍ ከሥልጠናው የሚቆጠር የተለመደ ሥራ መሆኑ ነው፤ ከፍ የሚያደርገው ሞቃት አየር ሲጠፋ ሌላ ምርጫ የለውም። በዚህ ጽሑፍ አሰላንና አካባቢዋን ለምሳሌ የመረጥሁት፣ የአርሲ የስንዴና የገብስ ማሳ ከሰማይ ሲታይ ለማረፊያ የተዘጋጀ ስለሚመስል ነው።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሙቀቱ መጠን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ከሰዓት በኋላ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ እፍጋት 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው አየሩ በመሣሪያው ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ስለሆነ፣ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያነብ ግላይደሩ ነፋስ በሌለበት በ105 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመሬቱ ላይ ይበራል። ፍጥነቱ በ17 በመቶ ሲጨምር፣ ሲያርፍ መጥፋት ያለበት ጉልበት በ37 በመቶ ያድጋል። በዝቅተኛ ቦታ የሚበቃ ማሳ እዚህ ያጥራል።

የከፋው ግን የማሳው ማጠር አይመስለኝም። በተመሳሳይ የክንፍ ዘንበልታና በተመሳሳይ የመለኪያ ንባብ የመታጠፊያው ክብ ራዲየስም በዚያው በ37 በመቶ ይሰፋል። በቆላ የሠለጠነ አብራሪ ወደ ማሳው የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲጀምር የለመደውን ቦታ ይጠብቃል፤ ግላይደሩ ግን ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል። መሬቱም ከሥሩ በፍጥነት ሲሸሽ ስለሚያይ «ፈጥኛለሁ» ብሎ አፍንጫውን ያነሣል፤ መስመሩን ለመያዝ ደግሞ የጅራቱን መሪ አብዝቶ ይረግጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ ግላይደሩም እየተሽከረከረ ይወድቃል። ከመሬት 100 ሜትር ከፍታ ላይ ይህን ለማረም ጊዜ የለም። ስለዚህ ዓይን ሲዋሽ የሚታመነው መለኪያው ነው።

ከፍታ መለኪያውም በራሱ መንገድ ያሳስታል። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ መለኪያውን ዜሮ አድርጎ የተነሣ አብራሪ፣ በአሰላ መሬት ሲነካ መለኪያው ወደ 800 ሜትር ይጠቁማል። በስልጠና እንደተለመደው በ450 ሜትር ማሳ እመርጣለሁ፣ በ300 ሜትር ዙሩን እጀምራለሁ ያለ ሰው፣ በዚያ ንባብ ቢመራ ቁጥሩ ሳይደርስ መሬቱ ይደርስበታል። ከስምጥ ሸለቆው ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ከፍታን መገመት የሚገባው በመሬቱ ነው።

ስለ ማሳው ራሱ፦ ተዳፋትነቱ ከላይ በዓይን ከተለየ ለማረፍ እጅግ ዳገታማ ነው። በመጠኑ ያዘነበለ ከሆነ ግን ነፋሱ ቀላል እስከሆነ ድረስ፣ ከኋላ ቢመጣም እንኳ፣ ወደ ዳገቱ ማረፍ ይሻላል። በትልም ላይ ማረፍ የሚገባው ትልሙን ተከትሎ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ስንዴው ቆሟል፤ አንዱ የክንፍ ጫፍ ሰብሉን ከያዘ ግላይደሩ መሬት ላይ ይሽከረከርና ጅራቱ ይሰበራል። አብራሪው ቢተርፍም የገበሬው ሰብል ተጎድቷል፤ ይህ በአደጋ ጥናቶች ውስጥ ትኩረት የሚያገኝ ጉዳይ አይደለም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አገዳው ብቻ የቀረበት ማሳ ይመረጣል፤ በተለይ ኮምባይነር የገባበት፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲገባ እርከን፣ ድንጋይና ገደላማ ቦታ እንዲያስቸግረው ስለማይፈለግ። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት ከብቶች በአገዳው ላይ ይለቀቃሉ፤ እረኛውም ከሰማይ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣውን ነገር አይጠብቅም።